በፀሐይ መሀል የጨለመው ቤት

የኤሌክትሪክ መለኪያዬ፣ መልቲሜትሩ፣ 5.9 ቮልት አለ። ባትሪው ባለ 12 ቮልት ነው። በእኛ ሙያ እንዲህ የወረደ ባትሪ ሲገኝ «አበቃለት» ይባላል። ወረቀት ላይ ይጻፍና ሌላ ይጠየቃል።

ቦታው አንድ ጤና ኬላ ነው። መኪና ከሚደርስበት መንገድ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። የክትባት ፍሪጁ የሚሠራው በሶላር ነው። አሁን አሁን ከፓኔል በቀጥታ የሚሠሩ፣ ባትሪ የማያስፈልጋቸው ፍሪጆች መጥተዋል። ይሄኛው ግን የድሮው ዓይነት ነው፣ ባትሪ ያለው። በሩ ላይ በእስክሪብቶ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሲስተር ክትባቱን ከጤና ጣቢያ በበረዶ ሳጥን እያስመጣች፣ የተረፈውን በዚያው ቀን እየመለሰች ነበር የከረመችው። እናቶች ልጅ አዝለው መጥተው «ዛሬ የለም» ተብለው የተመለሱበት ቀንም ነበር።

ወጥቼ ጣሪያውን አየሁ። ፓኔሎቹ ደህና ናቸው። አቧራ ይዘዋል እንጂ አልተሰበሩም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ይህ ሁሉ ብርሃን ከላይ እየፈሰሰ፣ ቤቱ ውስጥ ግን አንዲት አምፖል እንኳ አትበራም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለ ቀን ነው።

ብልሽቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። ከፓኔሉ የሚመጣው ገመድ ቻርጅ መቆጣጠሪያው ላይ ላልቶ ወጥቷል። በካቻቢቴ አጠበቅኩት። ምንም የለም። መቆጣጠሪያው አልነቃም። ለምን ቢባል፣ መቆጣጠሪያው ራሱ የሚሠራው ከባትሪው በሚያገኘው ኃይል ነው። ባትሪው ባዶ ስለሆነ መቆጣጠሪያው አይነሳም። መቆጣጠሪያው ካልተነሳ ደግሞ ባትሪው አይሞላም። ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩን ከውጭ እንደ መዝጋት ነው።

እዚያ ጣሪያ ሥር ቆሜ ትዝ ያሉኝ ሁለቱ የሶቪየት ጠፈርተኞች፣ ጃኒቤኮቭና ሳቪኒክ ናቸው። ስለ ሁለቱ ልጻፍ እያልኩ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ። ዛሬ ይሁን።

ታሪኩን መጀመሪያ የሰማሁት ከአስተማሪያችን ነው። ኤሌክትሪክ ያስተማሩን ሰው በወጣትነታቸው ሶቪየት ኅብረት ሄደው የተማሩ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ስለ ባትሪ ሊያስተምሩን ገቡና ቾኩን አንስተው ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም ጣሳ የመሰለ ነገር ሣሉ። ጎንና ጎኑ ላይ ክንፍ ቀጠሉለት። «ይሄ ቤት ነው» አሉ። «ሳልዩት ሰባት ይባላል። በ77 ሞተ። በዚያው በ77 ተነሳ።»

ሰባ ሰባት ሲባል እኔ ቤት ሌላ ነገር ነው። እናቴ ዘመን የምትቆጥረው በእሱ ነው። «ከሰባ ሰባት በፊት»፣ «ከሰባ ሰባት ወዲህ» ትላለች። የድርቁ ዓመት ነው። ስለዚህ ጋሼ ያንን ዓመት ጠርተው ስለ ጠፈር ሲያወሩ መጀመሪያ ከበደኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ እህል ባጣበት ዓመት ሰው ከሰማይ በላይ ስላለ ብረት ይጨነቅ ነበር? ጥያቄውን ለጋሼ አልጠየቅኳቸውም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ታሪኩ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አብሮኝ አለ።

ሳልዩት 7 ወደ ሰማይ የወጣው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 1982 ነው። 20 ቶን ገደማ የሚመዝን የጠፈር ጣቢያ ነው። ሰዎች ይሄዱበታል፣ ወራት ይኖሩበታል፣ ይመለሳሉ። በ1984 ኪዚም፣ ሶሎቭዮቭና አትኮቭ የተባሉ ሦስት ጠፈርተኞች 237 ቀን ኖረውበት በጥቅምት መጀመሪያ ወረዱ። ከዚያ ቤቱ ባዶ ሆነ። ተዘግቶ፣ ከምድር በሬዲዮ እየተጠበቀ ዝም ብሎ ይዞር ነበር።

የካቲት 11 ቀን 1985፣ በእኛ የካቲት 4 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ከጣቢያው ጋር የነበረው የሬዲዮ ግንኙነት ላይ ችግር ታየ። ከምድር ትእዛዝ ተላከ። ከዚያ በኋላ ጣቢያው ዝም አለ። ቢጠሩት አይመልስም። ሙቀቱ ስንት እንደሆነ፣ አየሩ ይኑር አይኑር፣ ባትሪው ምን ላይ እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። በእነሱ መጋቢት 1 ቀን የሶቪየቱ ፕራቭዳ ጋዜጣ በሳልዩት 7 ላይ የታቀደው ሥራ በሙሉ ተጠናቀቀ ብሎ ጻፈ። ይቺን ዜና ሳነብ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ናት የምትመጣብኝ።

ሁሉም ግን ተስፋ አልቆረጠም። በጊዜው ሚር የተባለው አዲሱ ጣቢያ ገና አልመጠቀም፤ እሱ የወጣው በ1986 ነው። ሳልዩት ከጠፋ መሄጃ የለም። ደግሞም 20 ቶን ብረት እንዲሁ ቢተው አንድ ቀን የሆነ ቦታ ላይ መውደቁ አይቀርም። ስለዚህ ሰው ይላክ ተባለ።

ችግሩ እንዴት ነው የሚደረሰው የሚለው ነበር። መንኮራኩር ከጣቢያ ጋር ሲገጥም ሁለቱ በሬዲዮ ይነጋገራሉ። አንዱ ይጣራል፣ ሌላው እዚህ ነኝ ይላል። ርቀቱንና ፍጥነቱን መሣሪያው አስልቶ ያቀራርባቸዋል። የሞተ ጣቢያ ግን እዚህ ነኝ አይልም። ሁሉንም ነገር በዓይንና በእጅ ማድረግ ያስፈልጋል። ያውም ሁለቱም በሰዓት 28 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረሩ።

አዛዥ ሆኖ የተመረጠው ቭላዲሚር ጃኒቤኮቭ ነበር። ኡዝቤኪስታን ውስጥ እስካንደር በምትባል ቦታ በ1942 የተወለደ አብራሪ ነው። ይሄ አምስተኛ በረራው ነው። በ1982 አውቶማቲኩ እምቢ ሲል በእጁ እየነዳ ከዚሁ ከሳልዩት 7 ጋር ገጥሟል። በ1984 ክረምትም እዚያው ሄዷል። ያኔ ስቬትላና ሳቪትስካያ ከእሱ ጋር ከጣቢያው ወጥታ በጠፈር ላይ የሠራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እንግዲህ ቤቱን ያውቀዋል። ሁለት ጊዜ እንግዳ ሆኖ ገብቶበታል። አብሮት የተመደበው ኢንጂነር ቪክቶር ሳቪኒክ ነው። የጣቢያውን ሥርዓት ከውስጥ እስከ ውጭ የሚያውቅ ሰው። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይጠግናል።

መንኮራኩሯ ሶዩዝ ቲ-13 ትባላለች። ሦስተኛው ወንበር ተነቅሎ ወጣ። የማይጠቅመው አውቶማቲክ መግጠሚያም ወጣ። በምትኩ ውሃና ነዳጅ ተጫነ። እኔ ይሄን ክፍል እወደዋለሁ። ሩቅ ቦታ ለጥገና የሚሄድ ሰው ሻንጣውን እንደዚሁ ነው የሚያዘጋጀው። ይሄ አይጠቅምም፣ አውጣው። ይሄ ይጠቅማል፣ ጨምር። እዚያ ከደረስክ በኋላ ሱቅ የለም።

በእኛ ግንቦት 29 ቀን 1977 ከባይኮኑር የሮኬት ማስወንጨፊያ ተነሱ። በእነሱ ሰኔ 6 ቀን 1985 ነው። የሶቪየት መከላከያ ራዳሮች የጣቢያውን መንገድ እየተከታተሉ ለቁጥጥር ማዕከሉ ያቀብላሉ፣ ማዕከሉ ለጠፈርተኞቹ ይነግራል። በሁለተኛው ቀን ጣቢያው በዓይን ታየ። ከሩቅ የሚያበራ ነጥብ ነው። እየቀረቡ ሲሄዱ ነጥቡ ቅርጽ አወጣ።

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልናገር፤ ሳስበው ሁሌም ትንፋሼን ያዝ ያደርገኛል። ጃኒቤኮቭ መንኮራኩሯን ወደ ጎን አዙሮ በጎን መስኮት እያየ ነው የሚነዳው። መሪው ወደዚያ መስኮት እንዲጠጋ ተደርጎለታል። ሳቪኒክ በእጁ የያዘው የሌዘር ርቀት መለኪያ አለ። በመስኮቱ አነጣጥሮ ይለካል። ትንሽ ይቆያል፣ እንደገና ይለካል። በሁለቱ ቁጥሮች መሀል ካለው ልዩነት ፍጥነቱን ያሰላል። ጮክ ብሎ ይናገራል። ጃኒቤኮቭ እሱን እየሰማ ጋዙን ይነካል። 200 ሜትር ላይ አቆሟት። አዩ። ጣቢያው የተረጋጋ ነው፣ በኃይል አይሽከረከርም። በዚያ ጊዜ ግን ሌላ ነገር አስተዋሉ። ሁለቱ የፀሐይ ፓኔሎች ወደ አንድ አቅጣጫ አይመለከቱም። አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ዞሯል። ሙያተኛ ይህን ካየ ሌላ ነገር አይጠብቅም። ፓኔሎቹን ወደ ፀሐይ የሚያዞረው ሥርዓት ቆሟል ማለት ነው። እሱ ከቆመ ኤሌክትሪክ የለም። ኤሌክትሪክ ከሌለ ውስጡ ቀዝቅዟል። ገና ሳይነኩት ምን እንደጠበቃቸው አወቁ።

በእኛ ሰኔ 1 ቀን 1977 ገጠሙት።

ከዚያ በሩ አለ። በሩን ዝም ብሎ መክፈት አይቻልም። መጀመሪያ ከበሩ ወዲያ አየር መኖሩን መለካት፣ ግፊቱን ማስተካከል ያስፈልጋል። አየር አለ። ግን ምን ዓይነት አየር ነው? እሳት ተነስቶ ከነበረ ጭሱና መርዙ እዚያው ይጠብቃል። ስለዚህ የጋዝ ጭንብል አጠለቁ። በባትሪ መብራት እያበሩ ገቡ።

ጨለማ ነው። ግድግዳው ውርጭ ለብሷል። የሁለቱንም ልብ የነካው ግን ዝምታው እንደነበር ይነገራል። የጠፈር ጣቢያ መቼም ዝም አይልም። አየር የሚያንቀሳቅሱት ማራገቢያዎች ሌትና ቀን ይዘምራሉ። ያ ድምፅ ሲጠፋ የሞት ያህል ነው። እኔም ጤና ኬላው ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት ጆሮዬን ፍሪጁ ላይ ማድረግ ነበር።

ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች አያነብም። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ተፍተው ምራቁ ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደሚረጋ ቆጠሩ ይባላል። ወዲያው ረጋ። ባለ ሱፍ ልብስ ለበሱ፣ በክር የተሠራ ኮፍያ አጠለቁ። በዚያ ኮፍያ የተነሱት ፎቶ አለ። ጠፈርተኛ አይመስሉም፣ የመንዝ ብርድ ያገኛቸው ሰዎች ነው የሚመስሉት።

ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ከዚያ በፊት የነበሩት ትተውት የሄዱት ነገር ጠበቃቸው። ደረቅ ዳቦና ጨው። በሩሲያ እንግዳ የሚቀበሉት በዳቦና በጨው ነው። እነ ኪዚም ቤቱን ዘግተው ሲወርዱ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው አስቀመጡለት። ከዚያ መብራቱ ጠፋ፣ ቤቱ በረዶ ሆነ፣ ጋዜጣው ሥራው አልቋል አለ። ዳቦው እዚያው ነበር። ጋሼ ይህን ሲነግሩን ቾኩን አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉ። ሰው አገር ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ነው፤ በዳቦና ጨው የተቀበሉት ቤት ሳይኖር አይቀርም።

አሁን ወደ እኔ ሙያ ልምጣ። ጣቢያው እንዴት ሞተ?

ስምንት ባትሪዎች ነበሩት። ፓኔሎቹ ከፀሐይ ኃይል ያመጣሉ፣ ባትሪዎቹ ይሞላሉ። ባትሪ ሲሞላ ደግሞ ከልክ በላይ እንዳይሞላ ፓኔሉን የሚያላቅቅ ሴንሰር አለ። ያ ሴንሰር ተበላሸ። ባትሪው ሳይሞላ «ሞልቷል» ማለት ጀመረ። ሥርዓቱ ልሙላ ሲል ሴንሰሩ በቃ ይለዋል። ፓኔሉ ይላቀቃል። በዚህ ላይ ሬዲዮው ስለተበላሸ ከምድር ሆኖ የሚያይና የሚያርም ሰው የለም። ባትሪዎቹ ቀስ በቀስ አለቁ። ካለቁ በኋላ ደግሞ ፓኔሉን መልሶ የሚያገናኘው ማብሪያ ራሱ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ደግሞ ማብሪያው ፓኔሉን ካገናኘ ብቻ ነው። ይሄው የእኔ መቆጣጠሪያ! ያው ቁልፍ፣ ያው የተዘጋ በር።

በምድር ዙሪያ እየዞረ በእያንዳንዱ ዙር ፀሐይ ይወጣለታል። በ90 ደቂቃ አንዴ። በቀን አሥራ ስድስት ጊዜ ያህል ፀሐይ እየወጣለት በብርድ ሞተ። አንዲት ትንሽ ሴንሰር ጠግበሃል ስላለችው ተራበ። እናቴ ይህን ብነግራት ምን ትላለች ብዬ አስባለሁ። እሷ በዚያ ዓመት ስለ ነበረው ረሃብ ስታወራ ሁሌ የምትለው ነገር አለ። እህል ጭራሽ ጠፍቶ አልነበረም፣ የነበረበት ቦታና እኛ የነበርንበት ቦታ አልተገናኙም ትላለች።

ለምን ከሶዩዟ ኤሌክትሪክ በገመድ አልሰጡትም? መኪና የቆመበት ሰው ከጎረቤት መኪና እንደሚያስነሳው? ይሄን ጥያቄ እኔም ጋሼን ጠይቄያለሁ። መልሱ ቀላል ነው። የሞተው ጣቢያ ውስጥ ሾርት ካለ ሶዩዟንም ይዟት ይሄዳል። እሷ ደግሞ ወደ ቤት መመለሻቸው ናት። ብቸኛዋ።

ስለዚህ መቆጣጠሪያውን ሁሉ ትተው ፓኔሉን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ለማገናኘት ወሰኑ። ከምድር ሆኖ የሚመራቸው ቫለሪ ርዩሚን ነው፣ እሱ ራሱ ጠፈርተኛ የነበረ። ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ለኩ። ከስምንቱ ሁለቱ አይነሱም። ስድስቱ ተስፋ አላቸው። ከዚያ ገመዶቹን መላጥ፣ ማገናኘት፣ በናስትሮ መጠቅለል። 16 ገመድ። በባዶ እጅ። በጓንት ቀጭን ሽቦ መጠምዘዝ አይቻልም። በብርድ የቀዘቀዘ መዳብ ጣት ላይ ምን እንደሚያደርግ ደጋ ላይ ሌሊት ባትሪ የቀየረ ሰው ያውቀዋል። ጣት መጀመሪያ ያምማል፣ ከዚያ አያምምም። አለማመሙ ነው የሚያስፈራው።

አየሩም አደገኛ ነበር። እዚህ ምድር ላይ የምናስወጣው ትንፋሽ ይሞቃል፣ ወደ ላይ ይነሳል፣ ይሄዳል። እዚያ ክብደት የለም፤ ሞቃት ነገር ወደ ላይ አይነሳም፤ ላይ የሚባል ነገርም የለም። ማራገቢያው ካልሠራ የገዛ ትንፋሽህ ፊትህ ላይ ይቆማል። አንድ ቦታ ላይ ጎንበስ ብለህ ረጅም ሰዓት ከሠራህ ያስወጣኸውን መልሰህ ትስባለህ። ራስ ምታት ይመጣል፣ ድካም ይመጣል። ስለዚህ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይጠብቀው ነበር። የራስህ ትንፋሽ እንዳያፍንህ የሚያይልህ ሰው ማለት ነው።

ውሃም ችግር ነው። የጣቢያው ውሃ በረዶ ሆኗል። ይዘውት የመጡት የቀናት ነው። እየቆጠቡ ጠጡ። ባትሪው ካልተነሳ በረዶው አይቀልጥም፣ በረዶው ካልቀለጠ ውሃ የለም፣ ውሃ ከሌለ ትቶ መመለስ ነው።

ገመዶቹ ከተገናኙ በኋላ የመጨረሻው ሥራ የጃኒቤኮቭ ነበር። የጣቢያው ፓኔል ራሱን ወደ ፀሐይ ማዞር አይችልም። ስለዚህ ወደ ሶዩዟ ተመልሶ፣ በሶዩዟ ሞተር ጠቅላላ ጣቢያውን አዞረው። ሃያ ቶኑን ቤት ፊቱን ወደ ፀሐይ መለሰለት። ባትሪው መሙላት ጀመረ።

እኔም ያን ቀን ያደረግሁት ይሄንኑ ነው። መቆጣጠሪያውን አለፍኩት። ከፓኔሉ የሚመጣውን ገመድ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አሰርኩት። ይህ ተትቶ የሚኬድበት ሥራ አይደለም። ማንም የሚቆጣጠረው ስለሌለ ከልክ ካለፈ ባትሪው ይበላሻል። አጠገቡ ቁጭ ብሎ መልቲሜትሩን ማየት ነው። ሲስተር ዱካ አመጣችልኝ።

«ኢንጂነር፣ ይነሳል?» አለችኝ።

«አላውቅም ሲስተር። እስቲ ፀሐይዋ ትናገር።»

6.4 አለ። ቆይቶ 7.1 አለ። ሲስተር ቡና አፈላች። 8 ሲገባ እሷም ቁጥሩን መከታተል ጀመረች፤ ካርድ ስትጽፍ ቆይታ ብቅ እያለች «ስንት ደረሰ?» ትላለች። ወደ ከሰዓት በኋላ 11 አለፈ። ገመዱን ፈትቼ ወደ መቆጣጠሪያው መለስኩት። ትንሿ አረንጓዴ መብራት በራች። ፍሪጁን ወዲያው አላበራሁትም፤ ባትሪው እስኪጠግብ ሌላ ሁለት ቀን እንዲቆይ ነገርኳት። ቅዝቃዜው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሀል መግባቱን ሳታረጋግጥ ክትባት እንዳታስገባም ነገርኳት። እሷ ይሄን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። ዝም ብላ ሰማችኝ።

ሳልዩት ላይ መብራቱ ሲመጣ ከምድር ያሉት ሰዎች የጣቢያውን ድምፅ እንደገና ሰሙ። ከአራት ወር በኋላ መረጃ መላክ ጀመረ። ማራገቢያዎቹ ተነሱ። ከዚያ ግን ሌላ መከራ መጣ። ቤቱ ሲሞቅ ውርጩ ቀለጠ። ክብደት በሌለበት ውሃ አይንጠባጠብም። ግድግዳው ላይ፣ ገመዱ ላይ፣ ከግድግዳው ሽፋን ኋላ ተጣብቆ ይቆማል። ገና የተነሳው ኤሌክትሪክ ላይ ውሃ! ጨርቅ ይዘው እየዞሩ ጠረጉ፣ ጠረጉ፣ ጠረጉ። ስለ ጠፈር ጀግና ሲወራ ሮኬቱ ነው የሚታየን። እኔ ግን ሁለት ሰዎች ኮፍያ አድርገው ግድግዳ ሲወለውሉ ይታዩኛል። ሙቅ ሻይ ለማግኘት ውሃውን ለቀረጻ በሚያገለግል ኃይለኛ አምፖል እንዳሞቁት አንብቤያለሁ። ያ ሻይ ምን ያህል ጣፍጧቸው ይሆን?

ከዚህ በኋላ ቀኑን በእነሱ አቆጣጠር ልጥራ። ሰኔ 23 ቀን ፕሮግሬስ 24 የተባለች ሰው የሌለባት የጭነት መንኮራኩር ውሃና ዕቃ ይዛ ደረሰች። ከዚያ ወዲያ ሥራው ሥራ ሆነ። ነሐሴ 2 ቀን ወደ ውጭ ወጥተው ተጨማሪ ፓኔል ቀጠሉ። ጃኒቤኮቭ ከጭነቱ አንዱን ሲፈታ ከብሎኑ የወጣች ባለ ክንፍ ዳዶ አየር ላይ እየተሽከረከረች በየጊዜው ስትገለበጥ አየ። ቀጥ ብላ ትሄድና ድንገት ፊቷን ታዞራለች። ዛሬ ድረስ ያ ነገር በስሙ ነው የሚጠራው። ሰው እንደዚያ ደክሞ እንኳ ዓይኑ አንዲት ዳዶ ላይ ሊቀር መቻሉ ይገርመኛል።

ጃኒቤኮቭ 112 ቀን ቆይቶ መስከረም 26 ቀን ወረደ። ሳቪኒክ ከሌሎች ሁለት ጠፈርተኞች ጋር እስከ ኅዳር 21 ቀን ቆየ፣ በጠቅላላው 168 ቀን። በሚቀጥለው ዓመት ኪዚምና ሶሎቭዮቭ ከአዲሱ ከሚር ተነስተው ወደ ሳልዩት 7 ተሻገሩ። ሥራ ሠሩ፣ የሚጠቅሙ መሣሪያዎችን ጭነው ወደ ሚር ተመለሱ። ዳቦና ጨው አስቀምጠው ከነበሩት ሦስት ሰዎች ሁለቱ እነሱ ናቸው። የዘጉትን ቤት ሌላ ሰው ከሞት አስነስቶ አቆየላቸው። ከእነሱ በኋላ ማንም አልገባበትም።

የካቲት 7 ቀን 1991 ሳልዩት 7 ወደ ከባቢ አየር ገባና አርጀንቲና ሰማይ ላይ ተበታተነ። ካፒታን ቤርሙዴስ በምትባል ከተማ ቁርጥራጭ ብረቶች ወደቁ። ስለ እነዚያ ብረቶች ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ስለ ገመዶቹ ነው። ስለ 16ቱ። በባዶ ጣት ተጠምዝዘው በናስትሮ የታሰሩት።